አዲስ፣ ያገለገለ፣ የተጎዳ ወይስ ኮፒ? ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ መጽሐፍ ለሚገዛ ሰው

አንድ ስሙ የታወቀ ልብ ወለድ ፈልጋችሁ ደሴ ፒያሳ ብትወጡ፣ ያንኑ መጽሐፍ በአራት ዓይነት መልክና በአራት ዓይነት ዋጋ ልታገኙት ትችላላችሁ። መደብሩ ውስጥ አዲሱ አለ። በረንዳ ላይ ላስቲክ ዘርግቶ የሚሸጠው ልጅ ጋ ያገለገለው አለ። እዚያው አጠገቡ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ጀርባው በፕላስተር የተለጠፈ አለ። ከሩቅ ሲያዩት አዲስ የሚመስል፣ ሲገልጡት ግን ፊደሉ የደበዘዘ ኮፒም አይጠፋም። ስልካችሁን ብታወጡ ደግሞ አምስተኛው ቴሌግራም ላይ ተቀምጧል። ኮምቦልቻም ብትወርዱ ነገሩ ያው ነው፤ ምርጫው ትንሽ ይሳሳል እንጂ።

ግራ መጋባቱ እዚህ ላይ ይጀምራል። ብዙ ሰው የሚወስነው ሁለት ነገር አይቶ ነው፤ የሽፋኑን ውበትና የወረቀቱን ንጣት። እንደ እኔ እንደ እኔ ሁለቱም መጨረሻ ላይ የሚታዩ ናቸው። ቢጫ ወረቀት ያለው መጽሐፍ ገና ሃያ ዓመት ሊያገለግል ይችላል። ሽፋኑ የሚያብረቀርቅ አዲስ መጽሐፍ ደግሞ አንድ ጓደኛ ከተዋሰው በኋላ ቅጠሉ እየረገፈ ሊመለስ ይችላል። ቁም ነገሩ ሌላ ነው። መጽሐፉ ሙሉ ነው ወይ? ተያይዞ ይቆያል ወይ? ቤት ያሉትን ሌሎች መጻሕፍትስ አያበላሽም ወይ?

ዋጋ በብር አልጠቅስም። ዛሬ የጻፍኩት በወሩ ያረጃል። ሁሉንም በአዲሱ መጽሐፍ ዋጋ እየለካን እንሄዳለን፤ ግማሽ፣ ሲሶ፣ ሩብ እያልን።

መጀመሪያ መስፈርቱ

በግ ስንገዛ ጠጉሩን አይተን አንከፍልም፤ አፉን ከፍተን ጥርሱን እናያለን። መጽሐፍም የራሱ ጥርስ አለው።

*ሙሉነት።* መጽሐፍ የሚታተመው በትልልቅ ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱ ሲታጠፍ ብዙ ጊዜ 16 ገጽ ያለው እጥፋት ይወጣዋል። እጥፋቶቹ ተደርድረው ይጠረዛሉ። ስለዚህ መጽሐፍ ሲጎድል አንድ ቅጠል ብቻ አይደለም የሚጎድለው፤ አንዳንዴ አንድ እጥፋት እንዳለ ይጠፋል። ከገጽ 96 ቀጥሎ 113 ከመጣባችሁ የሆነው ይሄ ነው። ማተሚያ ቤት የሚፈጠር ስህተት ስለሆነ አዲስ መጽሐፍ ላይም ያጋጥማል። ያው እጥፋት ሁለት ጊዜ ገብቶ፣ ታሪኩ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ሲጀምርም ይገኛል። «አዲስ ነው» ተብሎ ሳይገላበጥ አይከፈልም።

አሮጌ መጽሐፍ ላይ የሚጎድሉት ግን አብዛኛውን ጊዜ ዳርና ዳር ያሉት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቅጠሎች፣ ከዚያ የመጨረሻው። የመጀመሪያዎቹ ቢጎድሉ ምናልባት የጠፋው የርዕስ ገጽና ማውጫው ብቻ ይሆናል። የመጨረሻው ቅጠል ከሌለ ግን ልብ ወለዱ አለቀለት። ሻጩ «መጨረሻውን እኔ እነግርሃለሁ» ቢላችሁ እንዳትሰሙት።

*ጥራዝ።* ባብዛኛው ሁለት ዓይነት ነው፤ በክር የተሰፋና በሙጫ ብቻ የተያያዘ። ለመለየት መጽሐፉን ዘግታችሁ ከላይ በኩል ጀርባውን እዩ። ቅጠሎቹ በትንንሽ እጥፋት ተቧድነው ከታዩ የተሰፋ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ከፍታችሁ የአንዱን እጥፋት መሐል ስታገኙ ክሩ ራሱ ይታያችኋል። ሁሉም ቅጠል አንድ ላይ ተቆርጦ እንደ ብሎክ ከቆመ ግን በሙጫ ብቻ ነው የተያዘው። የሙጫው ጥራዝ ርካሽ ነው፤ ዛሬ ብዙው ልብ ወለድ የሚጠረዘው በሱ ነው። ችግሩ ሙጫ ሲያረጅ ይደርቃል፤ ብርድ ሲነካው ደግሞ ይጠነክርና ይሰነጠቃል። በሐምሌ ጠዋት ደሴ ላይ የሙጫ መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ጠፍጥፋችሁ ብትከፍቱት «ቀጭ» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ከዚያ በኋላ ቅጠሉ መውለቁ የጊዜ ጉዳይ ነው።

*ሻጋታ።* ለኔ ትልቁ መስፈርት ይሄ ነው። ሰፋ አድርጌ ከታች እመለስበታለሁ።

*እትም።* ለልብ ወለድ ብዙም ለውጥ የለውም። ለትምህርት መጽሐፍ ግን ከሁሉም ይቀድማል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ወደ ትምህርት ቤቶች ገብቷል። የድሮው የተማሪ መጽሐፍ ጽድት ያለ ቢሆን እንኳ ልጃችሁ ክፍል ውስጥ ሊከታተልበት አይችልም። የተበሳሳ አዲስ እትም ንጹሕ ከሆነ አሮጌ እትም ይሻላል። የሕግ፣ የሒሳብ አያያዝና የኮምፒውተር መጽሐፍም እንዲሁ።

*የሌላ ሰው እጅ።* የተሰመረበትና ዳር ላይ የተጻፈበት መጽሐፍ የሚያስጠላው ሰው አለ። እኔ ደስ ይለኛል፤ ከእኔ በፊት ያነበበው ሰው የት ላይ እንደተናደደ አያለሁ። መልመጃ ያለው መጽሐፍ ላይ ግን ቀልድ የለም። መልሱ በእስክሪብቶ ከተሞላ ለሚቀጥለው ተማሪ መጽሐፉ ግማሽ ዋጋውን አጥቷል። በእርሳስ ከሆነ ላጲስ ይበቃዋል።

*መልክ።* መጨረሻ ላይ ያመጣሁት ሆን ብዬ ነው። ወረቀት ቢጫ የሚሆነው ቆሽሾ አይደለም። ርካሽ ወረቀት ከእንጨት ሲሠራ ሊግኒን የሚባል የእንጨቱ ንጥረ ነገር አብሮት ይቀራል። ብርሃንና አየር ሲያገኘው ይጠቁራል። ወረቀቱ ውስጥ አሲድ ካለ ደግሞ ከመቢጨት አልፎ ይደርቃል፣ ይሰባበራል። ስለዚህ ቢጫ መሆኑን ተዉና ጥጉን እዩ። የገጾቹ ጥግ ሲነካ ቅርፍ ቅርፍ እያለ የሚወድቅ ከሆነ ወረቀቱ አልቋል። ከታጠፈ በኋላ ተመልሶ ከተቃና ቢጫነቱ የዓይን ጉዳይ ብቻ ነው።

ዕድሜ ብቻውን መጽሐፍ አይገድልም። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ያለው ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዘመን በአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ጊዜ የተጻፈ ወንጌል ባለቤት ነው። ከ700 ዓመት በላይ ማለት ነው። ግን እሱ ብራና ነው። የብራና መጽሐፍ በክር ይሰፋል፣ በእንጨት ገበታ ይጠረዛል፣ በቆዳ ማኅደር ይቀመጣል። እኛ የምንገዛው የሙጫ መጽሐፍ ከነዚህ አንዱም የለውም።

ብራና ካነሳን አይቀር፦ መንገድ ላይ «የጥንት ነው» ተብሎ የብራና መጽሐፍ ቢቀርብላችሁ ዞር በሉ። ቅርስ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተጠበቀ ነው። በዚያ ላይ ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ እንደወጣ አታውቁም።

የደሴ ጉምና የኮምቦልቻ ሙቀት

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ። በመሐላቸው ያለው ወደ 25 ኪሎ ሜትር መንገድ ብቻ ነው፤ ግን ሐረጎን ቁልቁል ጨርሳችሁ ስትደርሱ ጃኬታችሁን ታወልቃላችሁ። ይሄ ልዩነት መጻሕፍቱ ላይም ይታያል።

ደሴ ክረምት ሲገባ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ቤት ድረስ ይዘልቃል። የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ በላይ ሆኖ ሲሰነብት ሻጋታ ወረቀት ላይ ለመብቀል ይመቸዋል። በረንዳ ላይ የሚሸጡ መጻሕፍት ዝናብ ሲመጣ ላስቲክ ይለብሳሉ። ላስቲኩ ዝናቡን ይከላከላል፤ እርጥበቱን ግን ውስጥ ያፍነዋል። ክምሩ ሥር፣ መሬት አጠገብ ያሉት ከሁሉም ይብሳሉ። ከመሐል ወይም ከላይ ያለውን ምረጡ፤ የምትፈልጉት ከሥር ከሆነ ደግሞ በደንብ መርምሩት።

ሻጋታን ከተራ እድፍ መለየት ከባድ አይደለም። ቅጠሉ ውስጥ ገብቶ የቀረ፣ በጣት ሲታሽ የማይለቅ ትንንሽ ቡናማ ነጠብጣብ የእርጅና ምልክት ነው። ለንባብ ምንም አይልም። ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሆኖ፣ ብናኝ መስሎ፣ ጣት ላይ የሚቀር ከሆነ ግን ሻጋታ ነው። ሽታውም አይደበቅም። መጽሐፉን መሐሉን ከፍታችሁ አፍንጫችሁ አጠገብ አምጡት። አሮጌ ወረቀት ደረቅ ሽታ አለው። የሻገተው ታፍኖ የከረመ ጓዳ ይሸታል። አስም ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ ይሄን መጽሐፍ በነፃም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ። አጠገቡ የሚደረደሩ መጻሕፍትም አይተርፉም።

ቤት ያለው መጽሐፍ ከሻገተ መጀመሪያ ከሌሎቹ ለዩት። ነፋስ ያለበት ጥላ ላይ አድርቁት። ሲደርቅ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ፣ ከቤት ውጭ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉት። ፀሐይ ላይ ለሰዓታት ማስጣት ግን ሽፋኑን ያነጣዋል፣ ወረቀቱን ያጣምመዋል። መደርደሪያችሁንም ከውጭው ግድግዳ ሦስት ጣት ያህል አርቁት፤ አየር ይለፍበት።

ኮምቦልቻ ላይ ጠላቱ ሌላ ነው። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚግል መጽሐፍ ሙጫው ቶሎ ይደርቃል። የጀርባውን ቀለም ከፊት ሽፋኑ ጋር አስተያዩት። ፊቱ ቀይ፣ ጀርባው ሮዝ ከሆነ ያ መጽሐፍ ፀሐይ ላይ ከርሟል። እንዲህ ያለውን ከመግዛታችሁ በፊት ጥራዙን ቀስ አድርጋችሁ ፈትኑት። ካርቶን ውስጥ የምታስቀምጡ ከሆነ ካርቶኑ መሬት አይንካ። ምስጥ ከታች ነው የሚገባው።

አማራጮቹ አንድ በአንድ

*አዲስ።* ብዙ የሚባል ነገር የለውም። ስጦታ ከሆነ፣ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከሆነ፣ በየቀኑ የምትገልጡት መዝገበ ቃላት ዓይነት ከሆነ አዲስ ግዙ። ላስቲክ ከለበሰ «ልክፈተውና ልየው» በሉ። ሻጩ እምቢ ካለ ጎዶሎ ቢሆን እንደሚቀይርላችሁ ቃሉን ተቀበሉ።

*ያገለገለ ግን ጤነኛ።* ለአብዛኛው አንባቢ የምመርጠው ይሄን ነው። ሙሉ ከሆነ፣ ጥራዙ ከጠበቀና ካልሻገተ ከአዲሱ ግማሽ ዋጋ ድረስ ክፈሉ። በቅርብ የወጣና ተፈላጊ ከሆነ ትንሽ ከፍ ቢል ችግር የለውም። ስታነቡት አዲሱ ከሚሰጣችሁ የሚጎድል ነገር የለም። አንብባችሁ ስትጨርሱ ደግሞ መልሳችሁ ትሸጡታላችሁ ወይም ጨምራችሁ በሌላ ትቀይሩታላችሁ።

አመራመሩ እንዲህ ነው። ጀርባውን በግራ እጅ ያዙና ቅጠሎቹን በቀኝ አውራ ጣት አርገፍግፉ፤ የወለቀ ካለ ብቅ ይላል። የመጨረሻውን ገጽ እዩ። በየ16 ገጹ ቁጥሩን ተከተሉ፦ 16፣ 32፣ 48 እያላችሁ። መሐሉን ከፍታችሁ አሽትቱ። ሁሉም ካለቀ በኋላ ሽፋኑን እዩ። ይሄን ሁሉ ስታደርጉ ሻጩ «እህቴ፣ ልትገዢ ነው ልታነቢ?» ብሎ ሊቀልድ ይችላል። ይቀልድ።

ውስጡ «ለውድ ጓደኛዬ» የሚል ፊርማ ካለበት እኔ አልቀንስበትም፣ አልጨምርበትም። የትምህርት ቤት ወይም የቤተ መጻሕፍት ማኅተም ካለበት ግን ቆም በሉ። በ2014ቱ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ትምህርት ቤቶችና ሌሎች ተቋማት ተዘርፈዋል። ማኅተም ያለበት መጽሐፍ ተቋሙ ራሱ እንዳስወገደው የሚያሳይ ምልክት ከሌለው፣ ባለቤቱ ሌላ ነው። አትግዙት። ብትችሉ ደግሞ ለተቋሙ ንገሩ።

*የተጎዳ።* እዚህ ላይ ነው ብልጥ ገዢና ሞኝ ገዢ የሚለዩት። ጉዳት ሁሉ እኩል አይደለም።

ሽፋን ከሌለው ግዙት፤ ሽፋን አይነበብም። ውሃ ነክቶት የደረቀና ወረቀቱ የተጨማደደ ግን ያልሻገተ ከሆነ ግዙት። የሻማ ጠብታ፣ የቡና ስኒ ቀለበት፣ የቅባት ጣት፣ እነዚህ ሁሉ ዋጋ ማስቀነሻ ናቸው። ወሎ ውስጥ ቡና ያልነካው መጽሐፍ ከተገኘ ሳይነበብ የቀረ ነው። የወለቁ ቅጠሎች ካሉ ቁጠሩ፤ ሁሉም ካሉ ይጠገናል። ትንንሽ ቀዳዳ ካያችሁበት መጽሐፉን ነጭ ወረቀት ላይ አራግፉት። ዱቄት የመሰለ ብናኝ ከወረደ ነፍሳቱ ገና ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ፤ ተዉት። የጎደለ ገጽና ሻጋታ ካለ ደግሞ በየትኛውም ዋጋ አይሆንም።

ለጤነኛ ግን ለተጎሳቆለ መጽሐፍ ከአዲሱ ሩብ በላይ አትክፈሉ። ምክንያቱም የጥገና ወጪ አለበት። ጠራዥ ጋ ስትወስዱት የወለቀውን ብዙ ጊዜ ከጎን በስቶ ነው የሚሰፋው። ጥራዙ ይጠነክራል፤ ግን ከውስጥ ጠርዙ ትንሽ ይበላል። ጽሑፉ ወደ ጀርባው ተጠግቶ የታተመ ከሆነ ከስፌቱ በኋላ የየመስመሩ የመጨረሻ ቃል ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ከጽሑፉ እስከ ጀርባው ቢያንስ የአንድ ጣት ባዶ ቦታ መኖሩን እዩ። ከሌለ «አትስፋው፣ በሙጫ ብቻ አድርግልኝ» በሉት።

እቤት ስትጠግኑ ፕላስተር አትጠቀሙ። ዛሬ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ከዓመታት በኋላ ቢጫ ይሆንና ላስቲኩ ይላቀቃል፣ ሙጫው ግን ወረቀቱ ላይ ይቀራል። የስቴፕለር ሽቦም በደሴ እርጥበት ይዝግና ወረቀቱን ያቃጥላል። ስስ ነጭ ወረቀት በቀጭኑ ቀዳችሁ በቀጭን ነጭ ኮላ ለጥፉት፤ እስኪደርቅ ከበድ ያለ ነገር ጫኑበት።

ከሩብ በላይ የሚከፈልበት አንድ ሁኔታ አለ፤ መጽሐፉ ዳግም ካልታተመ ወይም የመጀመሪያ እትም ከሆነ። የበዓሉ ግርማ ኦሮማይ በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ወጥቶ ከገበያ የተሰበሰበ መጽሐፍ ነው። የዚያን ጊዜውን ቅጂ ብታገኙ ሽፋኑ ተቀደደ ብላችሁ አትተዉትም። ግን ራሳችሁን ጠይቁ፤ የምትፈልጉት ታሪኩን ነው ወይስ ዕቃውን? ታሪኩን ከሆነ ከደርግ በኋላ ደጋግሞ ታትሟል። ያገለገለ የኋላ እትም ይበቃችኋል። ሰብሳቢ ከሆናችሁ ግን ደንቡ ይገለበጣል፤ ያን ጊዜ የርዕስ ገጹ፣ የዘመኑ ሽፋንና የማተሚያ ቤቱ ስም ያለበት ቅጠል ከምንም በላይ ይፈለጋሉ። ጠራዥ ጋም አትውሰዱት።

*ኮፒ።* «ኦሪጅናል ነው ኮፒ?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ሻጭ በግልጽ ይነግራችኋል። ካልነገራችሁ ራሳችሁ እዩ። የሽፋኑ ፎቶ ብዥ ያለ ነው። የፊደሉ ጠርዝ ሻካራ ነው። ጥቁረቱ ከገጽ ገጽ ይለያያል፤ ዳር ዳሩን ግራጫ ጥላ አለ። አንዳንዱ ገጽ ዘንበል ብሎ ታትሟል። ውስጥ ፎቶግራፍ ካለ ፊቱ ጠቁሮ ዓይንና አፍንጫ አይለይም።

ዋጋው ከኦሪጅናሉ ያንሳል፤ ሲሶ ያህል የሚቀንስበት ጊዜ አለ። በዚያ ዋጋ ያገለገለ ኦሪጅናል ካገኛችሁ ግን ኮፒ መግዛት ኪሳራ ነው፤ መልሶ የሚገዛችሁም የለም። ለደራሲውም አንዲት ሳንቲም አይደርሰውም። ያለ ፈቃድ አባዝቶ መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተከለከለ ነው። መምህሩ ራሱ ያዘጋጀው ሃንድአውት ግን ሌላ ነገር ነው። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያላችሁ ተማሪዎች ይሄን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። በስፓይራል ስታስጠርዙት አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የኮፒ ቀለም ከላስቲክ ሽፋን ጋር ሲከርም ይጣበቅና ጽሑፉ ላስቲኩ ላይ ይቀራል። በመሐሉ አንድ ባዶ ወረቀት አስገቡ።

*ኪራይና ውሰት።* አንድ ጊዜ አንብባችሁ ለምትተዉት ልብ ወለድ ከዚህ የሚረክስ የለም። ማስያዣ ትተዋላችሁ፣ መጽሐፉን ትወስዳላችሁ። የኪራይ መጽሐፍ ብዙ እጅ ስለሚያልፍ መልኩ አይጠበቅም። ሽፋኑ በላስቲክ ተለብጦ፣ ጀርባው በሽቦ ተመትቶ ታገኙታላችሁ። ዳር ዳሩ ላይ ደግሞ የቀደመ አንባቢ «ቆይ፣ ገና ነው» ብሎ ጽፎባችኋል። ገዳይ ማን እንደሆነ ገጽ 10 ላይ የሚጽፍ ጨካኝም አይጠፋም። እናንተ ግን ስትወስዱ የተቀደደውንና የወለቀውን ለአከራዩ አሳዩት። ካላሳያችሁት ስትመልሱ ከማስያዣው ሊቆረጥ ይችላል።

*ሶፍት ኮፒ።* ሻጋታ የለው፣ መቀደድ የለው። መብራት ሲጠፋም ስልኩ ራሱ ያበራል፤ ባትሪ እስካለ ድረስ። ትምህርት ሚኒስቴር የሚለቃቸው የተማሪ መጻሕፍት በዚህ መልክ ሲገኙ በጣም ይጠቅማሉ። ቴሌግራም ላይ ያለው የልብ ወለድ ፒዲኤፍ ግን ብዙው ያለ ደራሲው ፈቃድ የተጫነ ነው። ጥራቱም ያው ነው፤ ዘንበል ብሎ የተነሳ፣ ጣት የሸፈነው፣ ገጽ የዘለለ። ስክሪን ላይም ሙሉነት ይፈተሻል።

በአጭሩ በሰንጠረዥ

| አማራጭ | ከአዲሱ ዋጋ አንጻር | ዋናው ስጋት | የት ይሻላል | መልሶ መሸጥ |
|---|---|---|---|---|
| አዲስ | ሙሉ | የተደገመ ወይም የጎደለ እጥፋት | ስጦታ፣ የትምህርትና የማጣቀሻ መጽሐፍ | ጥሩ |
| ያገለገለ ጤነኛ | እስከ ግማሽ | የተደበቀ ሻጋታ፣ የተቋም ማኅተም | ለአብዛኛው ንባብ | ጥሩ |
| የተጎዳ ግን ሙሉ | እስከ ሩብ | የጥገና ወጪ፣ ጠባብ ጠርዝ | አንድ ጊዜ ለሚነበብ፣ ዳግም ላልታተመ | ደካማ |
| የሻገተ ወይም ገጽ የጎደለው | ምንም | ሌሎቹንም ማበላሸት | የትም | የለም |
| ኮፒ | ሲሶ ያህል ቀንሶ | ሕገ ወጥነት፣ የማይነበብ ገጽ | ለመምህር ሃንድአውት ብቻ | የለም |
| ኪራይ | ትንሽ ክፍያና ማስያዣ | ከማስያዣ መቆረጥ | ልብ ወለድ በብዛት ለሚያነብ | አይመለከተውም |
| ሶፍት ኮፒ | ትንሽ ወይም ነፃ | ፈቃድ የሌለው ቅጂ፣ ባትሪ | የተማሪ መጽሐፍ | አይመለከተውም |

ለማን የትኛው?

በወር ሦስት አራት ልብ ወለድ የምትጨርሱ ከሆነ መከራየትና ያገለገለ መግዛትን አቀላቅሉ። የወደዳችሁትን ብቻ ግዙ። አዲስ የምትገዙት የምታውቁት ደራሲ አዲስ ሥራ ሲያወጣ ይሁን፤ ለእሱም ይድረሰው።

የልጅ መጽሐፍ የምትገዙ ወላጆች መጀመሪያ እትሙን፣ ቀጥሎ መልመጃው መሞላት አለመሞላቱን እዩ። የሽፋኑን ነገር ተዉት፤ ልጁ ራሱ በሁለት ወር ውስጥ ያነሳዋል። ገንዘብ ካጠረ የተማሪውን መጽሐፍ በሶፍት ኮፒ አውርዳችሁ፣ የሚያስፈልገውን ምዕራፍ ብቻ ማሳተም ይቻላል።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆናችሁ ወፍራም የማጣቀሻ መጽሐፍ የሙጫ ጥራዝ ያለው አትግዙ። ስትገልጡት፣ ጠረጴዛ ላይ ስትዘረጉት፣ ስታስቀዱት አንድ ዓመት አይቆይም። የተሰፋ አሮጌ ካገኛችሁ ቢጫም ቢሆን እሱን ያዙ። ዋጋው ከከበደ ለሦስት ለአራት ሆናችሁ አዋጡ።

ቁርኣን፣ መጽሐፍ ቅዱስ ወይም የጸሎት መጽሐፍ ሲሆን ዋጋው ብቻ አይደለም የሚታሰበው። አንዲት ቅጠል ብትጎድል አይሆንም። ክምር ሥር ተረግጦ ያየነውን ደግሞ እጃችን እንኳ ሊያነሳው ይፈራል። እዚህ ላይ አዲስ ወይም አዲስ የሚያህል ግዙ። ቤት ያረጀባችሁ ካለ ለዕቃ መጠቅለያ አትስጡት፤ መስጊዳችሁን ወይም ቤተ ክርስቲያናችሁን ጠይቁ።

ለስጦታ ደግሞ ያገለገለ መስጠት ነውር አይደለም። ግን ተቀባዩ መጽሐፍ አዋቂ ከሆነ ብቻ። ለአማት ከሆነ አዲስ።

ጊዜውንም ምረጡ። የትምህርት መጽሐፍ ሰኔ ላይ፣ ፈተና ሲያልቅ ተማሪው ሊሸጥ ሲያወጣው ይረክሳል፤ መስከረም ላይ ሁሉም ሲፈልገው ይወደዳል። ደሴ ላይ በሰኔ የገዛችሁትን ክረምቱን በላስቲክ ጠቅልላችሁ አልጋ ሥር አታስቀምጡት። ጋዜጣ አልብሳችሁ፣ ወለሉን ሳይነካ፣ መደርደሪያ ላይ አቁሙት። ነሐሴ አጋማሽ ላይ አንድ ፀሐይ ያለው ቀን ጠብቃችሁ መስኮቱን ክፈቱና ሁሉንም አንድ ጊዜ አርገፍግፏቸው።